ውሻዬና የእማማ ዶሮዎች

ኅዳር ነው። ከማና፣ ከጎማ፣ ከሊሙ ቡና ወደ ጅማ የሚወርድበት፣ እዚህ የጅማው ሰፈራችን ቦሳ ኪቶም ጓሮው ውስጥ ጥቂት የቡና ዛፍ ያለው ሁሉ እሸቱን ለቅሞ ሸራ ላይ የሚያሰጣበት ወር። እኔም ያሰጣሁትን ቡና እንዲጠብቅልኝ ውሻዬን ቡቺን ማታ ፈትቼው አደርኩ፤ ጠዋት ግን መልሼ ሳላስረው ወጣሁ። ከዳቦ ቤት ስመለስ የጎረቤቴ ሦስት ዶሮዎች ከአጥሩ ሥር ተዘርረው አገኘሁ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም ከዚያ ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ የዶሮዎቹን ዋጋ ይዤ ቤታቸው ስደርስ ጀበናው ተጥዶ ነበር።

እማማ፦ ግባ፣ ግባ። በር ላይ አትገተር። ብሩን ደግሞ ወደ ኪስህ መልሰው፤ ገና ቡና እንኳ አልጠጣንም።

እኔ፦ እማማ፣ ዓይንዎን ማየት አሳፍሮኝ ነው የቆምኩት። ውሻውን ሳላስር የወጣሁት እኔ ነኝ። ሕጉም እኔን ነው የሚጠይቀው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2071 ላይ፣ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ሳያስበው ቢያመልጠውም፣ ይህን ያደርጋል ብሎ ባይገምትም ከኃላፊነት አይድንም።

እማማ፦ ሕግ ባይኖር አትመጣም ነበር?

እኔ፦ እመጣ ነበር።

እማማ፦ እንግዲያው ሕጉን ተወው፤ ቁጭ በል። አንድ ነገር ብቻ ሳትደብቅ ንገረኝ። ውሻህ አብዶ ይሆን? የልጅ ልጄ ቀኑን ሙሉ የሚጫወተው እዚያው አጥር ሥር ነው።

እኔ፦ አላበደም። በየዓመቱ አስከትበዋለሁ፤ ካርዱንም ይዤልዎት መጥቻለሁ። ግን መጠየቅዎ ልክ ነው። ውሻ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ያገኘውን ሁሉ መንከስ ከጀመረ፣ ጩኸቱ ከጎረነነ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ መዋጥ ካቃተው፣ ያኔ የዶሮ ነገር ይቀርና ስለ ልጆቹ መሮጥ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ያጥባል፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሄዳል። ውሻው ከተያዘ ደግሞ ተዘግቶበት 10 ቀን ይታያል። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶው በሽታው የተላለፈባቸው በውሻ ነው፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

እማማ፦ ቡቺ ላይ ከዚህ አንዱም የለም?

እኔ፦ የለም። ጠዋት ጅራቱን እየቆላ ነው የተቀበለኝ። ሥራ የሠራ መስሎታል፤ አንጀቴን የበላውም እሱ ነው።

እማማ፦ እኔን አንጀቴን የበላኝ ሌላ ነው። ሦስቱም በክት ሆኑ። ቢላ ቢደርስላቸው ኖሮ ልጆቹ ይበሏቸው ነበር። እሱስ ምን አገኘ? አንዷንም አልቀመሳት።

እኔ፦ እኔም እሱን ነው ያየሁት። ስቀብራቸው አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። ላባቸው ጀርባቸው ላይ በምራቅ ረጥቦ ተጣብቋል፤ ክንፋቸው ሥር የጥርስ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ በቀር ምንም አልተነኩም። ከፈረንጆቹ ዶሮዎች፣ ከሳሶዎቹ፣ አንደኛዋ ጠብታ ደም እንኳ የለባትም። የራበው ውሻ እንዲህ አያደርግም። ቡቺን የጠራው ሩጫው ነው። አደን ደረጃ አለው፤ ያያል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይይዛል፣ ይገድላል፣ ይበላል። ሰው ውሻን ሲያረባ በኖረባቸው ብዙ ሺህ ዓመታት ይህን ሰንሰለት እዚህም እዚያም ቆርጦታል። በጉን እየነዳ በጥርሱ የማይነካው የእረኛ ውሻ ማባረሩ ላይ የተቆረጠ ነው። የኛ የሰፈር ውሻ ግን ለዚያ ሥራ ተመርጦ አልተራባም፤ እስከ መግደሉ ይሄዳል። ዶሮ ደግሞ ደንግጣ ስትሮጥ፣ ክንፏን ስታራግፍ፣ ስትጮህ፣ ለሱ ጥሪ ነው።

እማማ፦ ደም የቀመሰ ውሻ አይመለስም ይላሉ።

እኔ፦ ግማሹ እውነት ነው። የጣመው ደሙ አይደለም እንጂ፣ አንዴ ሮጦ የያዘ ውሻ ያንን ደስታ አይረሳውም። ስለዚህ እውነቱን ልንገርዎት፦ ቡቺ ዓመት ሙሉ ቢማር እንኳ ከእንግዲህ ከዶሮ ጋር ብቻውን አይተውም። እኔ ካለሁ እኔ፣ ከሌለሁ ሽቦ በመካከላቸው ይኖራል።

እማማ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የኖረ ውሻ አሁን ምን ነካው?

እኔ፦ ይሄን ነው ከጠዋት ጀምሮ ሳሰላስል የዋልኩት። እንስሳት ሕክምና የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ለእንቁጣጣሽ ዶሮ አርጄ አንጀቱን፣ ራሱን፣ እግሩን ከነላባው ወደ ጓሮ የወረወርኩለት እኔው ነኝ። ትኩስ የዶሮ ሽታ ምግብ ማለት እንደሆነ በገዛ እጄ አስተማርኩት። ከዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባጭር ሰንሰለት አስሬ አውላለሁ። ዶሮዎችዎ ዓይኑ ሥር ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ሲጭሩ፣ ሲሯሯጡ ቆሞ ያያል። ሊይዛቸው እየተመኘ፣ እየተወጠረ ነው የሚውለው። ሲፈታ ምን ይጠበቃል?

እማማ፦ (ሲኒውን አቀበሉኝና ጥቂት ዝም አሉ።) እንደሱ ከሆነ የኔም እጅ አለበት። አምና ፈንግል የገባ ጊዜ ታስታውሳለህ? አንገታቸው እየተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ባንድ ሳምንት አምስት ዶሮ አለቀብኝ። የት ልጣላቸው? ወደ ቦዩ ወረወርኳቸው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተሻማባቸው። ቡቺም ነበረበት፤ አይቼዋለሁ፤ ይብላ ብዬ ዝም አልኩ።

እኔ፦ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን ሁለት ጉዳት አለው። ውሻው ዶሮን መብላት ይማራል፤ ሬሳውን እየጎተተም በሽታውን ከግቢ ግቢ ያዞራል። የሞተ ዶሮ ውሻ ጭሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል፤ ከላዩ ድንጋይ ይጫንበታል። የፈንግል ክትባት ደግሞ ቢሾፍቱ በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ገና ጫጩት ሳሉ ዓይናቸው ላይ ጠብ ይደረግላቸዋል፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ በመጠጥ ውኃ ይሰጣቸዋል። ያን ቀን ውኃው ክሎሪን የሌለው መሆን አለበት። በሚቀጥለው ጊዜ እኔው መጥቼ እሰጥልዎታለሁ።

እማማ፦ ክትባቱንስ እሺ። አሁን ስለ ሟቾቹ ልንገርህ። ሁለቱ ሳሶዎች በ45 ቀናቸው የገዛኋቸው ናቸው፤ እንቁላል ከጀመሩ ገና ወር አልሞላቸውም። እነሱን ዋጋ ታወጣላቸዋለህ። ሦስተኛዋን ግን፣ ገብስማዋን የአገር ዶሮ፣ በምን ትተምናታለህ? ሰባት ጫጩት ይዛ ነበር። የልጅ ልጄ እንደነገረኝ ቡቺ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተበታትነው ሳር ውስጥ ገቡ፤ እሷ ግን አልሸሸችም። ላባዋን ነፍታ ፊቱ ቆመች።

እኔ፦ ጫጩቶቹስ?

እማማ፦ ሰባቱም አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ያው እዚያ ካርቶን ውስጥ፣ በጨርቅ ሸፍኛቸዋለሁ። ያቺ ዶሮ እኮ የራሷን ብቻ አይደለም የምትፈለፍለው። ሳሶ ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም። የሳሶዎቹንም የጎረቤትንም እንቁላል ሥሯ ከተትኩላት፤ 21 ቀን እንደ ድንጋይ ተቀምጣ ታወጣዋለች። በዓመት 50 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ሰው ይንቃታል። ግን የግቢው እናት እሷ ነበረች።

እኔ፦ ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው ዶሮ የያዙት?

እማማ፦ ከናቴ ጋር። የፈረንጅ ዶሮ መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ጅማ፣ እርሻ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው፤ አሁን የናንተ ኮሌጅ የሆነው። ነጭ፣ እንደ ጥጥ ነጭ ነበሩ። እናቴ አየቻቸውና “እነዚህ ጭልፊት ሲመጣ የት ይገባሉ?” አለች። ነገሯ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ፦ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ለጅማና ለዓለማያ አራት ዓይነት ዶሮ ከውጭ ገባ፤ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ። ነጮቹ ሌግሆርን ይሆናሉ። እናትዎ የጠየቁት ግን እኛ ክፍል ውስጥ ያልጠየቅነውን ነው። የአገር ዶሮ እዚህ ምድር ላይ ስንት ዘመን ኖራለች! ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ መዝበር በምትባል ጥንታዊ የገበሬ መንደር ከ2,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዶሮ አጥንት ተቆፍሮ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ዘመን ከውሻ፣ ከጭልፊት፣ ከሸለምጥማጥ ጋር ነው የኖረችው። ቀለሟ ከሳር ጋር ይመሳሰላል፤ ቀላል ናት፤ ሲያባርሯት ዛፍ ላይ ትወጣለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናት አላት። እናቲቱ የሰማዩን ጠላት ባንድ ድምፅ፣ የምድሩን በሌላ ድምፅ ታስጠነቅቃለች፤ ጫጩቱ ያንን ሰምቶ ያድጋል። የዛሬዎቹ ሰባት የተረፉት በዚያ ነው።

እማማ፦ ሳሶዎቹ ግን ቆመው ጠበቁት።

እኔ፦ ይጠብቃሉ እንጂ! በመኪና ተፈልፍለው፣ ከአምፖል ሥር አድገው፣ በካርቶን ተጭነው የመጡ ናቸው። አደጋ ምን እንደሚመስል የነገራቸው የለም። ከብደው መብረር አይችሉም። እንቁላላቸው ከአገር ዶሮ ብዙ እጥፍ ነው፣ ሥጋቸውም እንደዚያው፤ ስለዚህ ሰው መግዛቱ ልክ ነው። ነገር ግን ዶሮውን ለወጥን እንጂ ግቢውን አልለወጥንም። ለአገር ዶሮ የሚበቃው ክፍት ጓሮ፣ ማታ ማታ ጓዳ ጥግ የሚተኛበት ቆጥ፣ ለሳሶ አይበቃም። ሻጩ የምንመግበውንና ክትባቱን ይነግረናል፤ አጥሩን የሚነግረን የለም። የኔ ትልቁ ቁጭት ይሄ ነው፤ ሙያዬም ነበርና።

እማማ፦ ጠዋት እዚህ የተሰበሰበው ሰው ምን እንዳለኝ ልንገርህ? መርዝ በሥጋ አድርገሽ ወርውሪለት አሉኝ።

እኔ፦ (መልስ አጣሁ።)

እማማ፦ አትደንግጥ። ላደርገው ብፈልግ አልነግርህም ነበር። አምላክ የፈጠረውን ነፍስ፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ የኔንም ቡና ሲጠብቅ የሚያድርን ውሻ! ጅብ ከቦዩ ብቅ ሲል መጀመሪያ የሚጮኸው ማነው? ቡቺ ነው። አንዳንዱ ጎረቤት እኔ ሶላት ስለምሰግድ ውሻ የምጠላ ይመስለዋል። ምራቁ ከነካህ ትታጠባለህ፤ የላሰውን ዕቃ ሰባቴ ታጥባለህ፣ አንዱን በአፈር፤ አለቀ። ለጥበቃ፣ ለእርሻ፣ ለከብት ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። በቁርአን የዋሻው ሰዎች ውሻ ደጃፉ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ተኝቶ ተጠቅሷል። የተማረ ውሻ የያዘው አደን እንኳ ይበላል፤ ያልተማረ ውሻ የገደለው ግን አይበላም። ልዩነቱን አየኸው? የተማረና ያልተማረ።

እኔ፦ እማማ፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ የምለፈልፈውን ባንድ ቃል አሉት። መርዙን ግን ለሰፈሩ ሰው እኔም እነግራለሁ። ለውሻ የሚጣለው ስትሪክኒን ጡንቻውን እያንቀጠቀጠ፣ ነፍሱን እያወቀ አሠቃይቶ ነው የሚገድለው። ሬሳውን የበላ ቁራም፣ አሞራም፣ ሌላ ውሻም አብሮ ይሞታል። ሕፃን እጁ ቢገባ ደግሞ አያድርስ።

እማማ፦ በል፣ ትምህርቱን ንገረኝ። የልጆቼ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ውሻ ዶሮ ቢፈጅበት የሞተችውን አንገቱ ላይ አሰረለት። ሦስት ቀን ግቢው በግማት ታጠነ። በአራተኛው ቀን ፈታው፤ በአምስተኛው ሌላ ዶሮ ገደለ።

እኔ፦ ውሻ የትናንቱን ከዛሬው ቅጣት ጋር አያይዞ አያውቅም። ዱላም እንደዚያው ነው። ብመታው የሚማረው “ጌታዬ ካለ ዶሮ አትንካ” ነው፤ እኔ ስወጣ ይነካል። የሚያዋጣው ገና ዶሮዋን ሲያይ፣ ሳይነሳባት በፊት፣ ዓይኑን ከሷ መልሶ ወደኔ እንዲያዞር ማስለመድ ነው። ያን ጊዜ ነው ጉርሻ የሚያገኘው። ከልጅነቱ ቢሆን ደግሞ ሁሉም ይቀላል። ቡችላ ከ3 ሳምንቱ እስከ 12 ሳምንቱ ገደማ ያየውን፣ ያሸተተውን፣ አብሮት ያደገውን ሁሉ የቤተሰቡ አካል አድርጎ ይቀበላል። ቡቺን ሳመጣው የአራት ወር ውሻ ነበር፤ እስከዚያ ዕድሜው ዶሮ አጠገብ ደርሶ አያውቅም።

እማማ፦ ዶሮ የሚጠብቅ ውሻ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እኔ፦ እውነት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ዋርናምቡል የምትባል ከተማ አለች። ከባሕሩ ዳር ሚድል አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት አለቻት፤ ማዕበሉ ሲሸሽ በእግር የሚደረስባት። እዚያ መብረር የማይችሉ፣ ቁመታቸው ከዶሮ የማይበልጥ ፔንግዊን የሚባሉ ወፎች ይራባሉ። ባሕሩ በጎደለ ቁጥር ቀበሮ እየተሻገረ ፈጃቸው፤ በመቶዎች ይቆጠሩ የነበሩት በ2005 እ.ኤ.አ. ከ10 በታች ቀሩ። ተመራማሪው ሁሉ ግራ ሲገባው ስዋምፒ ማርሽ የሚባል አንድ ገበሬ “እኔ ዶሮዎቼን በውሻ አይደል የማስጠብቀው? ፔንግዊን ማለት ሱፍ የለበሰ ዶሮ በሉት” ዓይነት ሐሳብ ይዞ መጣ። ማሬማ የሚባሉ ነጫጭ የጣሊያን የመንጋ ጠባቂ ውሾች ነበሩት። በ2006 አንዷን ደሴቷ ላይ አስቀመጧት፤ ኦድቦል ነበር ስሟ። ከዚያ ወዲያ የወፎቹ ቁጥር እንደገና ከመቶ አለፈ። በ2015 በስሟ ፊልም ተሠራ።

እማማ፦ ማሻላህ! እና ያ በዘሩ ነው ወይስ በትምህርቱ?

እኔ፦ በሁለቱም። ዘሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ከበግ ጋር እየኖረ የማባረሩ ስሜት የደከመ ነው፤ በዚያ ላይ ከቡችላነቱ ከመንጋው ጋር ያድጋል። ይህም ሆኖ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ብቻውን ከዶሮ ጋር አያምኑትም፤ በጨዋታ ይገድላልና። እነሱ እንዲህ ከተጠነቀቁ እኔ ቡቺን ጠባቂ አደርገዋለሁ ብል ልዋሽዎት ነው። “ተው” ሲሉት የሚተው ውሻ ማድረግ ግን ይቻላል።

እማማ፦ በቀን ማሰሩ አልበጀም አልክ። በሌሊት ማሰር ደግሞ ለጅብ ማቅረብ ነው። ታዲያ እንዴት ይሁን?

እኔ፦ ሌሊት እንደ ቀድሞው ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ይደር፤ ዶሮዎቹ ያን ጊዜ ቤታቸው ተዘግቶባቸዋል። ጎህ ሲቀድ፣ እነሱ ሳይወጡ፣ እስከ አስፋልቱ ይዤው ደርሼ ላድክመው። ስመለስ በቤቱ ጀርባ ከዛፍ ዛፍ ሽቦ እወጥርና ሰንሰለቱን በቀለበት አንጠለጥልበታለሁ፤ እየተንሸራተተ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ዶሮዎቹን ግን አያያቸውም። ሌላው ምግብ ነው። ቀን አጥሩ ሲከፈት ዶሮዎችዎ የቡቺን ትርፍራፊ ሊለቅሙ ይመጣሉ። አጥንት የያዘ ውሻ አፍ ሥር የምትጭር ዶሮ ምን ትሆናለች? ከእንግዲህ እሱ የሚበላው ዶሮዎቹ ከተዘጉ በኋላ፣ በሳህን ነው፤ የተረፈው ወዲያው ይነሳል። የወጥ ዶሮ አጥንት ደግሞ ይቀርበታል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋልና።

እማማ፦ የልጅ ልጄንም ጨምርበት። ከጓደኞቹ ጋር “ያዛት! ያዛት!” እያለ በዶሮ ሲያጫውተው ስንቴ ቆጥቼዋለሁ።

እኔ፦ እሱን አላውቅም ነበር። እንደ ትምህርት ቤት አስተማሩታ!

እማማ፦ እሱን ለኔ ተወው። አሁን ወደ አጥሩ እንሂድ፤ ተቀምጦ አጥር አይሠራም።

(ተነስተን ወጣን። አጥሩ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቁጥቋጦ ነው። ከሥሩ፣ የቡናው ዛፍ ጥላ ከሚያርፍበት ጥግ፣ አፈሩ ትኩስ ተጭሮ ውሻ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ቀይ ላባ ቀርቷል።)

እኔ፦ በዚህ ነው የገባው። ውሻ አጥር ከመዝለሉ በፊት ሥሩን ይሞክራል። ስሱ የዶሮ ሽቦ ዶሮ ይይዛል እንጂ ውሻ አያቆምም፤ በጥርሱ ይቀደዋል። ስለዚህ ታች እስከ ጉልበት ድረስ ወፍራሙን ሽቦ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ እናደርግና 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ እንቀብረዋለን። ከላይ ስሱ ሽቦ ይበቃል፤ ቁመቱ ከሰው ደረት ይለፍ።

እማማ፦ የአገር ዶሮ ከዚያ በላይ ትበራለች።

እኔ፦ ያንዱን ክንፍ ረጃጅም ላባ ብቻ እንቆርጣለን፤ ሚዛኗ ስለሚዛባ ከአጥር በላይ አትነሳም። አያማትም፤ ጥፍር እንደመቁረጥ ነው። በማደግ ላይ ያለ፣ ሥሩ ደም የያዘ ላባ ብቻ አይነካም።

እማማ፦ ማታ የሚያድሩበትስ? ባለፈው ክረምት ሸለምጥማጥ በጡብ ስፋት ቀዳዳ ገብቶ ሁለት ወስዶብኛል።

እኔ፦ ቤታቸውን ከመሬት ክንድ ከፍ አድርገን በእንጨት እግር እናቆመዋለን። ውሻም ሥሩ አይተኛም፣ እርጥበትም አይገባም፤ የጅማን ዝናብ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ሰጋቱራ ይነጠፍበታል። መዝጊያው ደግሞ የሚገፋ ሳይሆን የሚቀረቀር ይሁን። እንጨቱም ሽቦውም ምስማሩም በኔ ነው።

እማማ፦ እሺ፣ አሁን ብሩን ስጠኝ።

እኔ፦ (ሰጠኋቸው። የሁለቱን ዋጋ ቆጥረው ቀሪውን መለሱልኝ።)

እማማ፦ ይሄ የሳሶዎቹ ነው፤ ደግሜ እገዛበታለሁ። የገብስማዋን ብር አልወስድም፤ ገበያ ሄጄ እንደሷ ያለች አላገኝምና። በሷ ፋንታ አጥሩን ትሠራለህ። ሳሶዎቹን የምገዛው አጥሩ ሲያልቅ ነው። እስከዚያው ጫጩቶቹን ማታ ማታ ቤትህ ወስደህ አምፖል ታበራላቸዋለህ፤ እኔ ጋ መብራት ሲጠፋ ሌላ የለኝም፣ አንተ ግን ባትሪ አለህ።

እኔ፦ ቡቺ ካለበት ቤት?

እማማ፦ ክፍሉ በር የለውም እንዴ? ካርቶኑን አልጋህ አጠገብ ታደርጋለህ፣ ትዘጋለህ። ሽታቸውን በበሩ ሥር እያሸተተ ይልመዳቸው።

(ከኔ የተሻለ አሰቡ። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከመንገድ ስንመለስ፣ ቡቺን በአጭር ገመድ ይዤ ከእማማ አጥር ውጪ ቆምኩ። የተረፉት አራት ሳሶዎች በግምት 20 እርምጃ ርቀት ላይ፣ ቅርጫት ተደፍቶባቸው ጥሬ ይለቅማሉ። እማማ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በር ላይ ቆመዋል። የቡቺ ጆሮ ወደ ፊት ተሰካ፤ አንድ የፊት እግሩ ከመሬት ተነስቶ ቀረ፤ ገመዱ እጄ ውስጥ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። “ተው” አልኩት፣ ሳልጮህ። አልሰማኝም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አራቅኩት። እንደገና “ተው” አልኩት። ትንፋሹን እሰማለሁ። ቆየ። ከዚያ ጆሮው ላላ፣ ራሱን ዞር አድርጎ አየኝ። ቁራሽ ሥጋ አፉ ላይ አደረግኩለት።)

እማማ፦ አየሁት! አየህ አይደል ዓይኑን ሲመልስ?

እኔ፦ አየሁ። አንድ ጊዜ ነው ገና። በቀን ሁለቴ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፤ 20 እርምጃው ላይ ሳይወጠር ከቆመ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ 18 እንቀርባለን። ከተወጠረ ደግሞ ወደ ኋላ። ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለትም ሊፈጅ ይችላል።

እማማ፦ ይፍጅ። ቡናው ደርቆ እስኪወቀጥ እዚሁ ነኝ። በል እንደገና፤ ገመዱን ግን አሳጥረህ ያዝ።